የስክሮል ሶው ጥግ ማደራጀትና የግድግዳ መደርደሪያ መሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው ምንድን ነው

እዚህ የሚመዘገበው ጎን ለጎን የሚሄድ ሁለት ሥራ ነው። በጠባብ ክፍል ጥግ ለስክሮል ሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ጥምዝ ቅርጽ ለሚቆርጥ መጋዝ) የሚሆን የሥራ ቦታ ይደራጃል፤ ቦታው ሲስተካከል በዚያው ማሽን አንድ የግድግዳ መደርደሪያ ይሠራል። መደርደሪያው ታስቦበት የተመረጠ ነው። ጀርባው ፍልፍል ጌጥ ስላለው ብዙ የውስጥ ቀዳዳ ማውጣት ይጠይቃል። ሁለቱ ደጋፊዎች ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን ስላለባቸው ተደራርበው ይቆረጣሉ። ግንባሩ ላይ ደግሞ ጥቁር እንጨት ነጭ እንጨት ውስጥ ይገባል። ሦስቱም ማሽኑን በተለያየ መንገድ ስለሚፈትኑት፣ የጎደለ ማስተካከያ ካለ ቶሎ ይጋለጣል።

የሚቆረጠው፦

ጀርባ፦ 300 × 200 ሚሊ ሜትር፣ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ
የላይ ሰሌዳ፦ 300 × 120፣ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ምላሱን (ማስገቢያ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) ጨምሮ
ደጋፊ፦ 110 × 150፣ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ሁለት፣ ምላሱን ጨምሮ
ግንባር፦ 300 × 40፣ 6 ሚሊ ሜፕል (ነጩ እንጨት)
የቅጠል ጌጥ፦ 80 × 40፣ 6 ሚሊ ዎልነት (ጥቁሩ እንጨት)
ከሥር የሚነጠፍ፦ ማንኛውም የ3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ቁራጭ

ማሽኑ

የተያዘው ማሽን 16 ኢንች ነው። ይህ ቁጥር ከምላጩ እስከ ኋላው ድረስ ያለውን ርቀት፣ ማለትም 406 ሚሊ ሜትርን ያመለክታል። በዚህ ማሽን ላይ አንድ እንጨት እንደልብ መዞሩን ለማወቅ ርዝመቱን ሳይሆን ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ሰያፍ ለኩ። የጀርባው ሰሌዳ ሰያፍ 361 ሚሊ ገደማ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ሳይነካ ይዞራል።

ማሽን ለሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት የሚታየው ምላጩ የሚያዝበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ማሽን የሚቀበለው ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ዘንግ የተሰካበትን ምላጭ ብቻ ነው። ያ ዘንግ በቀዳዳ እንዲያልፍ እስከ 5 ሚሊ የሚደርስ ፑንታ ያስፈልጋል፤ በ5 ሚሊ ቀዳዳ ደግሞ ረቂቅ ፍልፍል አይወጣም። ስለዚህ ዘንግ የሌለውን፣ በብሎን ተጨምቆ የሚያዘውን ምላጭ የሚቀበል ማሽን ይመረጥ። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያለው፣ በደቂቃ ከ400 እስከ 1,600 ምት ገደማ የሚሄድ ቢሆን በቂ ነው። ሁለቱ ክንዶች ትይዩ ሆነው የሚሄዱበት አሠራር ምላጩን ቀጥ አድርጎ ያወጣል፣ ያወርዳል። የላይና የታችኛው ክንድ አንድ ወጥ ሆኖ በአንድ ማጠፊያ ላይ የሚወዛወዝበት ዓይነት ግን ምላጩን ወደፊትና ወደኋላ ስለሚያወዛውዘው ቶሎ ቢቆርጥም ሹል ጥግ ላይ ያስቸግራል። ለፍልፍል ሥራ የመጀመሪያው ይሻላል።

ቦታው

ማሽኑ የቆመበት ጠረጴዛ ፊቱ 40 ሚሊ ውፍረት አለው፤ እግሮቹ ከታች በተሻጋሪ እንጨት ታስረዋል። ማሽኑ በአራት ብሎን ታስሯል፤ ከየብሎኑ ሥር ጎማና ሮንዴላ ገብቷል። ዳዶው ጎማውን እስኪያጠፈጥፍ ድረስ አይጠበቅም፤ ጎማው ከተጨፈለቀ ንዝረቱን ከመዋጥ ይልቅ ለጠረጴዛው ያስተላልፋል። ታች ባለው መደርደሪያ ላይ 25 ኪሎ ያህል አሸዋ በከረጢት ተቀምጧል። ለውጡን ማየት ለሚፈልግ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምር። በአንድ የተወሰነ ፍጥነት አካባቢ ውሃው በድንገት ይናወጣል፤ ከዚያ ሲያልፍ እንደገና ይረጋጋል። ያ የጠረጴዛውና የማሽኑ ንዝረት የሚገጥምበት ቦታ ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ላይ ምልክት ተደርጎበት ሥራው ከዚያ በላይ ወይም በታች ይሠራል።

ከፍታው ለተቀምጦ ሥራ ነው፤ የማሽኑ ገበታ ከክርን ትንሽ ዝቅ ይላል። ከኋላ እግሮቹ ሥር 25 ሚሊ ሽብልቅ ገብቶ ማሽኑ ወደ ፊት አዘንብሏል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አንገት ሳይታጠፍ መስመሩ ከላይ ይታያል፣ ረዘም ላለ ሰዓት መቀመጥም ይቻላል። ለጀማሪ ከመብራት ቀጥሎ የምመክረው ይህንን ነው።

መብራት ሁለት ነው፤ ከግራና ከቀኝ። አንድ ብቻ ከሆነ የምላጩ ጥላ መስመሩ ላይ ይወድቅና ዓይን ጥላውን መከተል ይጀምራል። አጉልቶ የሚያሳይ ባለ መብራት መነጽር ካለ፣ ሥራ ሲቆም መሸፈን አለበት፤ በመስኮት የገባ ፀሐይ በመነጽሩ ተሰብስቦ ሰጋቱራ ሊያቃጥል ይችላል።

ኤሌክትሪኩ ከባድ አይደለም። በ220 ቮልት መጋዙ ከ1 አምፔር በታች ይወስዳል፤ 1,200 ዋት ቫኩም ደግሞ ወደ 5 ተኩል አምፔር። ሁለቱን በአንድ ባለ መሬት መስመር ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ኤክስቴንሽን ካስፈለገ 3 × 1.5 ስኩዌር ሚሊ ገመድ፣ ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ። የእግር ማብሪያ መግጠም ሁለቱም እጅ እንጨቱ ላይ እንዲቆይ ያደርጋል፤ አደጋውም እዚያው ነው፤ ምላጭ ሲቀየር እግር ሳይታወቅ ሊረግጠው ይችላል። ስለዚህ ምላጭ በተነካ ቁጥር ሶኬቱ ይነቀል።

ብናኝ። የስክሮል ሶው ሰጋቱራ ጥቂትና ረቂቅ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። መፍራት ያለብን ግን ረቂቁን ነው፤ አየር ላይ ይቆያል፣ ሳንባ ውስጥም ጠልቆ ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል። እዚህ የተደረገው፦ የቫኩሙ ቱቦ ከገበታው ሥር ባለው መውጫ ላይ ታስሯል፤ ከላይ ያለው መንፊያ ብናኙን ከፊት ሳይሆን ወደ ቫኩሙ አፍ አቅጣጫ እንዲገፋ ተጣምሟል፤ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 ማስክ ሲቆረጥም ሲላግም አይወልቅም። ሥራ ካለቀ በኋላ መሬቱ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ በቫኩም ይሳባል፣ ገበታው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) የሚቆርጥ ሰው ብናኙ ከእንጨቱ ሌላ ሙጫም ስላለበት የበለጠ ይጠንቀቅ።

ማሽኑን ማስተካከል

የዚህ ማስታወሻ ዋና ሐሳብ ይህ ክፍል ላይ ነው። ቁርጡ ሲጣመም፣ ሲያዘነብል፣ ሲያር፣ ምላጭ ሲበጠስ ሰው መጀመሪያ እጁን ይጠራጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ያለው ምላጩ ላይ ነው፤ አያያዙ፣ ውጥረቱ፣ ቀጥነቱ፣ ስለቱ። እነዚህ አራቱ ሳይታዩ እጅን መለማመድ ስህተቱን መልመድ ይሆናል።

አያያዝ። አዲስ ምላጭ ከዝገት መከላከያ ዘይት ጋር ስለሚመጣ ሁለቱ ጫፎች በአኳራጅ ይጠረጋሉ፣ ከዚያ በ220 ብርጭቆ ወረቀት 10 ሚሊ ያህል ይሻከራሉ። ይህ ካልተደረገ ምላጩ ከመያዣው ይንሸራተታል፤ ሰው ብሎኑን በፒንሳ ያጠብቃል፤ በመጨረሻ የብሎኑ ጫፍ ይበላል፣ ጥርሱም ያልቃል። በእጅ ብቻ ጠብቆ ካልያዘ ችግሩ የጉልበት ማነስ ሳይሆን ዘይት ወይም ያለቀ ብሎን ነው። ጥርሱ ወደ ሠራተኛው፣ ጫፉ ወደ ታች ይመልከት፤ ጣት ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ጥርሱ ከያዘ ትክክል ነው። ከፊት ሲታይ የላይና የታች መያዣ በአንድ ቀጥታ መሆን አለባቸው። ምላጩ መሃሉ ላይ ትንሽ ከተጠማዘዘ ሁለቱ መያዣዎች አልገጠሙም ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ የትኛውም መስመር ቀጥ አይልም።

ውጥረት። ምላጩን መሃሉ ላይ በጣት ከጎን ገፋ አድርጉት። ከ3 ሚሊ በላይ ከሄደ ላልቷል። እንደ ክራር ክር ሲመታ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ መስጠት አለበት፤ የደነዘዘ ድምፅ ከሰጠ ይወጠር። የላላ ምላጭ ወፍራም እንጨት ውስጥ እንደ ሆድ ይለጠጥና ላይና ታቹ ትክክል ሆኖ መሃሉ የተቆረጠበት የጎደጎደ ጠርዝ ያወጣል። ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ እንደተነሳ ይበጠሳል።

ቀጥነት። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የዲግሪ መለኪያ ለመነሻ ብቻ ነው። 40 ሚሊ ውፍረት ያለው ፊቱ የተላገ ግንድ ተወስዶ ከፊት በኩል 3 ሚሊ ያህል ጥልቀት ይቆረጣል፤ ማሽኑ ይጠፋል፤ ግንዱ ተገልብጦ ሳይሆን በገበታው ላይ ዞሮ ያ ቁርጥ ከምላጩ ጀርባ ይጠጋል። ምላጩ ከላይ እስከ ታች ሳይነካ ቁርጡ ውስጥ ከገባ ገበታው ቀጥ ነው። ከላይ ገብቶ ከታች ከነካ ገበታው አዘንብሏል። ይህ ፈተና ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ በትንሽ ስኳድራ ከማየት ይበልጣል። የጎን ለጎኑ ማስተካከያ የሚደረገው ምላጩ ከተወጠረ በኋላ ብቻ ነው።

ዝንባሌ። በመቀጥቀጥ የተሠሩ ምላጮች አንድ ጎናቸው ላይ ረቂቅ ጠርዝ ይቀርባቸዋል፤ ያ ጎን የበለጠ ይቆርጣል። ስለዚህ እንጨቱ ፊት ለፊት ቢገፋ ቁርጡ ከመስመሩ ጥቂት ዲግሪ ይወጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የምላጩ ጠባይ ነው። በቁራጭ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮ፣ ቁርጡ መስመሩን እስኪከተል ድረስ እንጨቱ በትንሹ ይዞራል፤ ያ ማዕዘን ገበታው ላይ በእርሳስ ይሰመራል። በዚያው እሽግ ያሉ ምላጮች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው፤ እሽግ ሲቀየር እንደገና ይፈተሻል።

የትኛው ምላጭ

የምላጭ ርዝመት 5 ኢንች፣ 127 ሚሊ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስፋቱም ይጨምራል። ለዚህ ሥራ ሦስት ዓይነት ብቻ በቂ ሆኗል፦ ቁጥር 5 ለተደራረቡት ደጋፊዎች፣ ቁጥር 3 ለጀርባው ፍልፍል፣ ቁጥር 2/0 (ከዜሮ ያነሰ፣ በጣም ቀጭን መጠን) ለቅጠሉ። ቁጥር 5 ስፋቱ ወደ 1 ሚሊ፣ በአንድ ኢንች 12 ተኩል ጥርስ ገደማ አለው። 2/0 ግን ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ገደማ፣ ጥርሱም በኢንች 28 ያህል ነው። አንድ ጥርስ እየዘለለ የተሠራው ዓይነት ሰጋቱራውን ቶሎ ስለሚያወጣ አያቃጥልም። ለኮምፔንሳቶ ግን ከታች በኩል ያሉ ጥቂት ጥርሶቹ ወደ ላይ የተገለበጡ ይመረጥ፤ የታችኛውን ፊት ከመሰንጠር ያድናሉ። አንድ ነገር ይስተዋል፦ ክንዱ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ከተገለበጡት ጥርሶች ሁለት ወይም ሦስት ከገበታው በላይ መታየት አለባቸው። ካልታዩ የተገለበጡት ጥርሶች እንጨቱን አይነኩም፤ ምላጩ በታችኛው መያዣ ውስጥ ትንሽ ከፍ ተደርጎ እንደገና ይታሰራል።

ዙሪያውን ጥርስ ያለው ጠመዝማዛ ምላጭ እንጨቱን ሳያዞሩ በየአቅጣጫው ይቆርጣል። ለማሽኑ ለማይበቃ ትልቅ ሥራ ይጠቅማል፤ ነገር ግን መንገዱ ሰፊና ሻካራ ነው፣ ቀጥታ መስመርም አይወድም። ለዚህ ሥራ አልተመረጠም።

ምላጭ ስለቱ ሲሄድ መቆጠብ ዋጋ የለውም። መግፋት ካስፈለገ፣ ቁርጡ ከጠቆረ፣ ወይም ምላጩ ወደኋላ ከተቀለበሰ ጊዜው አልፏል። በወፍራም ጠንካራ እንጨት ላይ ይህ በሩብ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ለዚህ መደርደሪያ አንድ ደርዘን ቁጥር 3 አዘጋጅቶ መጀመር ይሻላል።

ንድፉና ቀዳዳዎቹ

ንድፉ ሲታተም መጠኑ መቶ በመቶ መሆኑ ይረጋገጥ። ማተሚያው ወረቀቱን ለመሙላት ወይም ለማብቃት ብሎ ጥቂት ፐርሰንት ይቀንሳል፤ በፍልፍሉ ላይ አይታወቅም፣ በምላስና በማስገቢያው ላይ ግን ሥራውን ያበላሻል። ንድፉ ጥግ ላይ 50 ሚሊ መስመር ተስሎ ከታተመ በኋላ በካሊፐር ይለካል።

እንጨቱ መጀመሪያ በ150፣ ከዚያ በ220 ይላጋል፤ ከቆረጡ በኋላ ፍልፍል ማላግ ቀጫጭኑን ይሰብራል። ፊቱ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል፣ ንድፉ በስፕሬይ ሙጫ ፕላስተሩ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ወረቀቱ ላይ ብቻ ተነፍቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። በእርጥብ ሙጫ መለጠፍ ወረቀቱን ያሰፋል፣ ክቡም ሞላላ ይሆናል። ለሜፕሉ ከላይ ግልጽ ስኮች ይጨመራል፤ ስኮቹ ለምላጩ እንደ ቅባት ስለሚሆነው ጠንካራ እንጨት እንዳያር ይረዳል።

ቀዳዳ በ1.5 ሚሊ ፑንታ። ከሥር ቁራጭ እንጨት ሳይነጠፍ አይበሳም። ቀዳዳው የሚበሳው በሚጣለው ክፍል ውስጥ፣ ከመስመሩ 2 ሚሊ ርቆ፣ ከተቻለ ጥግ አጠገብ ነው፤ ያኔ ምላጩ ወደ መስመሩ የሚሄድበት መንገድ ያጥራል። ሁሉም ከተበሳ በኋላ የታችኛው ፊት በሹል መሮ ይጠረግ፤ በየቀዳዳው ዙሪያ የቀረች ትንሽ ስንጥር እንጨቱን ከገበታው ከፍ ታደርገዋለች፣ እንጨቱም ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ የማይገኝ የሚመስል ንዝረት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ኮምፔንሳቶው ጥሩ መሆኑን ከመጀመሪያው ማየት ይገባል። ጥሩ 6 ሚሊ የበርች ኮምፔንሳቶ አምስት ንብርብር አለው፣ ውስጡም ባዶ ቦታ የለም። ርካሹ ውስጡ ባዶ ይኖረዋል፤ ምላጩ እዚያ ሲደርስ በድንገት ይዘላል፣ የፍልፍሉ ጠርዝ ላይም ጉድጓድ ይታያል። ጠርዙን ዙሪያውን ማየትና በጣት ማንኳኳት ብዙውን ያሳያል።

የጀርባው ፍልፍል

ፍጥነት በደቂቃ 1,000 ምት ገደማ። ቅደም ተከተሉ ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች መጀመሪያ፣ ትልልቆቹ ቀጥለው፣ ውጫዊው ቅርጽ በመጨረሻ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ትልቁ ቀዳዳ ከወጣ በኋላ በአጠገቡ ያለው ቀጭን ድልድይ የሚደግፈው የለም።

ሹል ጥግ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። ምላጩ ጥግ ድረስ ይሄዳል፣ 3 ሚሊ ያህል ወደኋላ ይመለሳል፣ በሚጣለው በኩል መታጠፊያ የሚሆን ትንሽ ቦታ ይበላል፣ ከዚያ ዞሮ ከሌላው አቅጣጫ ወደ ጥግ ይገባል። በቁጥር 3 ወይም ከዚያ ባነሰ ምላጭ ግን እዚያው ማዞር ይቻላል፤ እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ትንሽ ይሳባል፣ የምላጩ ጀርባ ከእንጨቱ ይደገፋል፣ በዚያው ቅጽበት በፍጥነት ይዞራል። ጥርሱ እየተደገፈ ከዞረ ጥጉ ክብ ይሆናል፤ ጀርባው ከተደገፈ ሹል ይወጣል። የዚህ ማሽን ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በቁራጭ ላይ ሦስት ማዕዘን እየቆረጡ መለማመድ ተገቢ ነው።

ረጅም ክብ መስመር ላይ ዓይን ምላጩን ሳይሆን ከፊቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ያለውን መስመር ይይ። ከመስመሩ ከወጣ በድንገት አይመለስ፤ ቀስ ብሎ በ10 ሚሊ ርቀት ውስጥ ይመለስ። ጎበጥ ያለ ለስላሳ መስመር ከንድፉ ግማሽ ሚሊ ቢርቅ ማንም አያይም፤ ድንገተኛ ስብራት ግን ከሩቅ ይታያል።

ቀጭን ድልድይ ቢሰበር እዚያው ላይ ቪናቪል ኮላ በስንጥር ጫፍ ይቀባና በወረቀት ፕላስተር ይታሰራል። ስብራቱ ትኩስና ንጹሕ ሳለ የተጣበቀ በኋላ አይታወቅም።

ደጋፊዎቹ

ሁለቱ 6 ሚሊ ቁራጮች ተደራርበው ከሥር 3 ሚሊ ቁራጭ ተጨምሯል፤ ድምሩ 15 ሚሊ። የሚያያይዛቸው በሚጣለው ክፍል ላይ የገባ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተርና ጠርዙን የዞረ የወረቀት ፕላስተር ነው። ሚስማር መምታትም ይቻላል፤ ጫፉ ከታች ከወጣ ግን ገበታውን ይቧጥጣል። ትኩስ ሙጫ በጠርዙ ላይ ጠብ ማድረግም ይሠራል። ሥራው ሲጋመስ ብዙው የሚጣል ክፍል ስለሚወጣ መያያዣው አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ትልቁ ቀዳዳ ከመቆረጡ በፊት ሌላ ፕላስተር ይጨመር።

የገበታው ቀጥነት የሚፈተነው እዚህ ነው። ግማሽ ዲግሪ ስህተት በ15 ሚሊ ላይ 0.13 ሚሊ ልዩነት ያመጣል፤ ለዓይን ምንም አይደለም። ሁለት ዲግሪ ግን ግማሽ ሚሊ ነው፣ የላይኛውና የታችኛው ደጋፊ ምላስ አንድ ማስገቢያ ውስጥ አይገቡም። ተደራርቦ ሲቆረጥ ወደ ጎን መግፋት ምላጩን ያጎብጣል፤ ገበታው ቀጥ ሆኖ ሳለ የታችኛው ቁራጭ ከተለየ ምክንያቱ ይህ ወይም የደነዘ ምላጭ ነው።

ምላስና ማስገቢያ

6 ሚሊ የሚባል ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ 5.5 ወይም 5.8 ሚሊ ነው፤ ከተላገ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ የማስገቢያው ስፋት ከንድፉ ላይ አይወሰድም፤ ትክክለኛው እንጨት በካሊፐር ተለክቶ ይሰመራል። ምላሱ 30 ሚሊ ይረዝማል። ማስገቢያው የሚቆረጠው ከመስመሩ ውስጥ ነው፤ ጠባብ ሆኖ በሞረድ ይስፋ። በእጅ ግፊት ብቻ የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። መዶሻ ከጠየቀ ኮላ ሲቀባ እንጨቱ ያብጥና ይሰነጠቃል። በ6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ጠርዝ ላይ ብሎን ማስገባት ንብርብሩን ይለያየዋልና አይሞከር።

የላይ ሰሌዳው ከጀርባው አናት 40 ሚሊ ዝቅ ብሎ ይገባል፤ ያቺ 40 ሚሊ ኋላ መስቀያዋን ትይዛለች።

ግንባሩ፦ ቅጠሉን ማስገባት

ይህ ከሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ነው፤ ሒሳቡ ስለሚሠራ። ሁለት እንጨት ተደራርቦ ገበታው በትንሹ አዘንብሎ ሲቆረጥ፣ ከላይኛው እንጨት የሚወጣው ቅርጽ እንደ ጠርሙስ ክዳን ላዩ ሰፊ ታቹ ጠባብ ይሆናል። የታችኛው እንጨት ቀዳዳም በዚያው ዝንባሌ ይወጣል። ማዕዘኑ ልክ ከሆነ የላይኛው ቅርጽ ወደ ታችኛው ቀዳዳ ወርዶ ፊቱ ከፊቱ ጋር ሲስተካከል ይጠብቃል፤ ምላጩ የበላው ክፍተት ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ስለዚህ ዎልነቱ ከላይ፣ ሜፕሉ ከታች ይሆናል። ማዕዘኑን የሚወስኑት የምላጩ መንገድ ስፋትና የአንዱ እንጨት ውፍረት ናቸው፤ የማዕዘኑ ሳይን የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የሚገኘው ነው። መንገዱ 0.3 ሚሊ፣ እንጨቱ 6 ሚሊ ከሆነ 2.9 ዲግሪ፤ 0.4 ከሆነ 3.8፤ 0.5 ከሆነ 4.8። የምላጩን ውፍረት ብቻ መለካት አይበቃም፣ መንገዱ ሁልጊዜ ከምላጩ ትንሽ ይሰፋል። በቁራጭ ላይ ተቆርጦ ክፍተቱ በውፍረት መለኪያ ስስ ብረት ይለካ።

ከዚያ ሳንቲም በሚያክል ክብ ይሞከር። ቅርጹ ከፊቱ ከፍ ብሎ ከቆመ ማዕዘኑ በዝቷል፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ወይም ከላላ አንሷል። አንድ ሩብ ዲግሪ ለውጥ በግልጽ ይታያል። ሩብ ሚሊ ያህል ከፍ ብሎ እንዲቆም መተው ይሻላል፤ በኋላ ሲላግ ይስተካከላል፣ የሰመጠን ግን ማዳን የሚቻለው ሙሉውን ሰሌዳ በማሳነስ ብቻ ነው።

ሁለት ደንብ አይዘነጋም። የሚገባው ቅርጽ ከምላጩ አንጻር ሁልጊዜ ገበታው ዝቅ ባለበት በኩል ይሁን፤ አቅጣጫው በመሃል ከተቀየረ ዝንባሌው ይገለበጥና ቅርጹ በዚያ ቦታ ክፍተት ይተዋል። የመነሻ ቀዳዳውም በዚያው ዝንባሌ፣ ምላጩ በሚያልፍበት በጣም ጠባብ ፑንታ፣ በቅጠሉ ሹል ጫፍ ላይ ይበሳ፤ እዚያ ላይ የቀረ ነጥብ የቅጠሉ ግንድ ይመስላል። ፍጥነቱ በደቂቃ 600 ምት፣ ግፊቱ እጅግ ቀላል።

ቅጠሉ ኮላ ጠርዙ ላይ ተቀብቶ ከኋላ በኩል ይገባል እንዳይባል ልብ ይባል፤ ከፊት ነው የሚገባው፣ ሰፊው ፊቱ ላይ ስለሆነ። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሃል በሞርሳ ተይዞ ያድራል።

ማለስለስና ዘይት

የፍልፍሉ ጀርባ ላይ የቀረው ፀጉር የመሰለ ቃጫ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 220 ይነሳል። በጣት የተያዘ ወረቀት ወደ ቀዳዳው እየገባ ጠርዙን ያንከባልላል። ለውስጡ ጠርዝ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ስለቱ ያለቀ ሰፊ ምላጭ ላይ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ በሁለት ጎን ተለጥፎ ማሽኑ ላይ ይታሰራል፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሄዳል። በእጅ ሞረድ ብዙ ሰዓት የሚወስደው ቶሎ ያልቃል።

ፍልፍል በብሩሽ አይቀባም፤ በየቀዳዳው ጥግ ቀለም ይጠራቀማል። የተልባ ዘይትና አኳራጅ እኩል ተደባልቆ ዝርግ ትሪ ውስጥ ይፈሳል፣ ሰሌዳው አምስት ደቂቃ ይነከራል፣ ወጥቶ ይንጠባጠባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከቀዳዳዎቹ የወጣው እንደገና ይጠረጋል። ምላሶቹና ማስገቢያዎቹ ከመነከራቸው በፊት በፕላስተር መሸፈን አለባቸው፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ኮላ አይዝም።

ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ አይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ ያለ ምንም ክብሪት እሳት ይነሳል። ጨርቁ ውጭ ለየብቻው ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጥ።

መግጠምና መስቀል

ከሦስት ቀን በኋላ ፕላስተሩ ተነስቶ መጀመሪያ ያለ ኮላ ይገጠማል። ደጋፊዎቹ ወደ ላይ ሰሌዳው፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ጀርባው። ኮላው ከመጠንከሩ በፊት በስኳድራ ይታይ፤ ከ6 ሚሊ ምላስ የሚገኘው ቀጥነት የሚወሰነው በዚያች ደቂቃ ነው። ግንባሩ በመጨረሻ ከሰሌዳው የፊት ጠርዝ ሥር ይለጠፋል።

ለመስቀያ በላይኛዋ 40 ሚሊ ላይ፣ በ200 ሚሊ ርቀት፣ ሁለት የቁልፍ ቀዳዳ ቅርጽ ተቆርጧል፦ ታቹ 9 ሚሊ ክብ፣ ወደ ላይ 5 ሚሊ ስፋት ያለው መንገድ። ብሎኑ ጭንቅላቱ 8፣ አንገቱ 4 ሚሊ ነው። ከጀርባው በአራቱ ጥግ 20 ሚሊ ስፋትና 6 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ክቦች ተለጥፈዋል፤ ፍልፍሉን ከግድግዳው ስለሚያርቁት ጥላው ይወድቃል፣ ንድፉም ጎልቶ ይታያል። በዚህ ምክንያት የብሎኑ ጭንቅላት ከግድግዳው 13 ሚሊ ያህል ወጥቶ መተው አለበት፤ ክቦቹ 6፣ ሰሌዳው 6፣ የቀረችው ለመንሸራተቻ።

ማሽኑ ላይ የቀረው፦ የምላጩ ውጥረት ላልቷል፣ ገበታው ከ3 ዲግሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ በግንዱ እንደገና ተፈትኗል፣ ፊቱ ላይ ሰም ተቀብቶ ተወልውሏል።